ስለ መሬት መረብ ስሌትና ስለ ተሻሩት ትእዛዞች

ከአዋሽ ሸለቆ ተነሥቶ በሁሩታ በኩል ወደ ጭላሎ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ ቆላውን፣ ወይና ደጋውንና ደጋውን በአጭር ጕዞ ያያል። በታች በዶዶታ በኩል ዝናም የሚያጥርበት ሜዳ አለ፤ በመካከል የሎዴ ሄጦሳ የስንዴና የገብስ እርሻ ተዘርግቷል፤ በላይ ደግሞ ከ4000 ሜትር የሚበልጠው የጭላሎ ራስ ቆሟል። እንዲህ ጠባዩ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠውን አገር የሚያስተዳድር ሹም፣ በስንዴው ላይ ዋግ በተነሣ ጊዜ በሽታው የት እንደ ደረሰና መድኃኒቱ ለየትኛው ቀበሌ መቅደም እንደሚገባው መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄው ከባድ መሆኑን ያለፈው ዘመን አሳይቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ የስንዴ አገሮች ተነሥቶ በብዛት ይዘሩ የነበሩትን ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን ዝርያዎች እጅግ ጎዳ። ከዚያ በኋላ ቢጫውን ዋግ የሚቋቋመው ዲገሉ የተባለው ዝርያ ተስፋፋ፤ በ2013 ግን የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ተነሥቶ ዲገሉን መታው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዋግ በነፋስ የሚሄድ በሽታ ስለ ሆነ ሹሙ ውሳኔውን የሚሰጠው በወራት ሳይሆን በቀናት ነው።

ባለሙያዎች ማሳውን ሁሉ ሊመለከቱ አይችሉም። ልማዳቸው በመኪና መንገድ እየሄዱ በየ5 ወይም በየ10 ኪሎ ሜትሩ አንድ ማሳ መርጠው ማየት ነው። ስለዚህ ለሹሙ የሚቀርብለት ካርታ ከታየው ቦታ ይልቅ ያልታየው የሚበዛበት ነው። ያልታየውን ከታየው ተነሥቶ የሚገምተው የስታቲስቲክስ ሒሳብ ሲሆን፣ ከስልቶቹ አንዱና ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት በሦስት ማዕዘን መረብ የሚደረገው ነው። መረቡን የሚሠሩት የኮምፒዩተር ትእዛዞች በ2023 ተሽረው በሌሎች ተተክተዋል። ነገሩ የኮምፒዩተር ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን መሻሩን ያላወቀ ሠራተኛ የአንዱን ገበሬ ማሳ በሌላው ገበሬ ማሳ ላይ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላልና፣ በካርታው አምኖ ትእዛዝ የሚሰጠው ሹም የነገሩን መሠረት ሊያውቅ ይገባዋል።

ቀድሞ መሬት በቀላድ ይለካ ነበር። ቀላድ ገመድ ስለ ሆነ፣ ገመዱ ያልተዘረጋበት ቦታ ልኩ አይታወቅም። በ1944 በወጣው የመሬት ግብር አዋጅም መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተከፍሎ ነበር። ያ አከፋፈል ዛሬ ቀርቷል፤ ነገር ግን ለትምህርት ይጠቅማል። በለሙና በለም ጠፉ መካከል ያለው ወሰን በመዝገብ ላይ እንደ ግድግዳ የቆመ ነበር፤ መሬቱ ግን በአንድ እርምጃ ከለምነት ወደ ጠፍነት አይለወጥም። ከዶዶታ ሜዳ ወደ ሁሩታ ሲወጣ አፈሩም ዝናሙም ቀስ በቀስ ነው የሚለወጠው። መረቡ ይህን ቀስ በቀስ የሚሆን ለውጥ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አገሩ በካርታ ላይ በብዙ ሦስት ማዕዘኖች ይከፈላል። ሦስት ማዕዘኖቹ ጐን ለጐን ይገጥማሉ፤ በመካከላቸው ክፍት ቦታ አይተዉም፤ አንዱም በሌላው ላይ አይደረብም። በየጫፉ አንድ አንድ ችካል ተተክሎ በችካሎቹ ራስ ላይ ሸራ እንደ ተወጠረ ቢታሰብ ነገሩ ይገባል። የችካሉ ቁመት በዚያ ቦታ ያለው የበሽታው ብዛት ነው፤ በሦስቱ ችካሎች መካከል ያለው ሸራ ሳይረግብ ስለ ተወጠረ፣ በመካከል ያለ ቦታ ሁሉ ቁመቱን ከሦስቱ ችካሎች እንደ ቅርበቱ ይካፈላል። ለትምህርት ያህል፣ በሦስቱ ጫፎች ላይ በዋግ የተያዘው ስንዴ ከመቶ 10፣ 30 እና 60 ነው እንበል። በመካከል ያለው ማሳ ከመጀመሪያው ጫፍ ያለው ድርሻ 0.5፣ ከሁለተኛው 0.3፣ ከሦስተኛው 0.2 ቢሆን፣ በየድርሻው ሲባዛ 5፣ 9 እና 12 ይመጣል፤ ተደምሮ የማሳው ግምት ከመቶ 26 ይሆናል። ድርሻዎቹ ምንጊዜም ተደምረው 1 ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ችካሎቹ የሚተከሉት የግድ ባለሙያው ማሳ ባየበት ቦታ አይደለም። ባለሙያው ያየው ማሳ በአንድ ሦስት ማዕዘን ሆድ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ያየው ቍጥር የሦስቱ ችካሎች ድርሻ ድምር ሆኖ ይጻፋል። የሒሳቡ ሥራ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ የታዩት ማሳዎች ሁሉ እንዲስማሙ የየችካሉ ቁመት ስንት መሆን እንዳለበት መፈለግ ነው፤ ከዚህም ጋር አንዱ ችካል ያለ ምክንያት ከጎረቤቱ ብዙ እንዳይርቅ ይጠብቃል። በመጨረሻም ግምቱን ብቻ ሳይሆን ግምቱ በየቦታው ምን ያህል ሊያጠራጥር እንደሚችል ጨምሮ ይናገራል። ይህን ሁለተኛውን ካርታ ሳይጠይቅ የመጀመሪያውን ብቻ የሚቀበል ሹም የምስክሩን ቃል ሰምቶ ምስክሩ የት ቆሞ እንዳየ ያልጠየቀ ዳኛን ይመስላል።

ሦስት ማዕዘኖቹ በዘፈቀደ አይመረጡም። የሩሲያው የሒሳብ ሊቅ ቦሪስ ደሎኔ በ1934 የጻፈው ሕግ አለ፤ በአንዱ ሦስት ማዕዘን ሦስት ጫፎች ላይ የሚያልፍ ክብ ቢሠራ፣ በክቡ ውስጥ ሌላ ጫፍ ሊገኝ አይገባውም። በዚህ ሕግ የተሠራ መረብ እንደ መርፌ የቀጠነ ሦስት ማዕዘን አያበዛም። የቀጠነ ሦስት ማዕዘን ክፉነቱ ሩቅ ያለውን ችካል የቅርብ ጎረቤት ማስመሰሉ ነው። ደግሞም ማሳዎቹ በመንገድ ዳር ተጠጋግተው የታዩ እንደ ሆነ፣ እጅግ የተቀራረቡትን ነጥቦች እንደ አንድ ቆጥሮ ችካል እንዳያበዛ ለመረቡ ልክ ይሰጠዋል። ከሚፈለገው አገር ውጭም መረቡ በትልልቅ ሦስት ማዕዘኖች እንደ ቀሚስ ጠርዝ ይዘረጋል። ጠርዙ ካልተዘረጋ በአገሩ ዳርቻ ላይ ያለው ግምት ይዛባል፤ የሎዴ ሄጦሳ ካርታ ሲሠራ ከዶዶታ፣ ከሄጦሳና ከሌሎቹ ጎረቤት ወረዳዎች ጋር በሚዋሰንበት ስፍራ ማለት ነው።

መረቡ ለምን አስፈለገ? ቀድሞ በነበረው ስልት የታየው ማሳ ሁሉ ከሌላው ማሳ ሁሉ ጋር ይነጻጸር ነበር። ማሳዎቹ 1000 ቢሆኑ ጥንዶቹ 499,500 ናቸው፤ ስሌቱ ኮምፒዩተሩን ያደክመዋል። በመረብ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ችካል በቀጥታ የሚነጋገረው በዙሪያው ካሉት ጥቂት ጎረቤቶቹ ጋር ብቻ ነው፤ የሩቁ ወሬ በጎረቤት በኩል ይደርሰዋል። ስለዚህ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ያለ አነስተኛ ኮምፒዩተር ሥራውን በደቂቃዎች ሊጨርሰው ይችላል።

ይህን የሚሠራው ፕሮግራም «ኢንላ» ይባላል፤ «አር» በተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ውስጥ የሚሠራ ነው። የስሌቱን ስልት ሆቫርድ ሩ፣ ሳራ ማርቲኖና ኒኮላ ሾፓን በ2009 አሳተሙ፤ በ2011 ፊን ሊንድግሬን፣ ሆቫርድ ሩና ዮሃን ሊንድስትሮም መረቡን ከስልቱ ጋር ያገናኘውን ጽሑፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ የወባን፣ የዝናምን፣ የአፈርንና የሰብል በሽታን ካርታ የሚሠሩ ሰዎች በብዙ አገር ይሠሩበታል።

መረብ የሚሠሩት ትእዛዞች በመጀመሪያ በኢንላ ውስጥ ነበሩ። በ2023 ግን ከዚያ ወጥተው «ኤፍሜሸር» የሚባል ራሱን የቻለ ጥቅል ሆኑ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። መረቡን ብቻ የሚፈልግ ሰው ኢንላን በሙሉ መጫን አያስፈልገው ነበር። ከዚህም በላይ አሮጌዎቹ ትእዛዞች የካርታ ነጥቦችን ከአንድ ልክ ወደ ሌላ ለመለወጥ የሚደገፉባቸው ጥቅሎች ጡረታ ሊወጡ ነበር፤ ከእነርሱም ዋናው «አርጂዳል» በዚያው በ2023 በጥቅምት ወር ገደማ ከአር የጋራ ማኅደር ተነሥቷል። ቤቱ የቆመበት ምሰሶ ከተነሣ ቤቱን በሌላ ምሰሶ ላይ ማቆም ግድ ነው።

ስለዚህ ሁለት ወገን ያለውን መረብ የሚሠራው «ኢንላ ሜሽ ቱዲ» ተሽሮ በ«ኤፍኤም ሜሽ ቱዲ» ተተካ። የአገሩን ወሰን የሚያሰምረው «ኢንላ ሜሽ ሰግመንት» ፈንታ «ኤፍኤም ሰግም» ተሾመ። ከችካሎቹ ቁመት ተነሥቶ በካርታው ላይ ያለውን ነጥብ ሁሉ የሚያሰላው «ኢንላ ሜሽ ፕሮጀክተር» ሥራውን ለ«ኤፍኤም ኢቫሉዌተር» አስረከበ፤ የነጥብን ልክ የሚለውጠውም «ኢንላ ኤስፒ ትራንስፎርም» ለ«ኤፍኤም ትራንስፎርም»። በጠቅላላው መጀመሪያው «ኢንላ» የነበረው ስም መጀመሪያው «ኤፍኤም» ሆኗል ቢባል ከብዙው ጋር ይስማማል፤ ከሁሉ ጋር ግን አይስማማም፤ ስሕተትም የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

የተሻረ ማለት የጠፋ ማለት አይደለም። ሹም ሽርን የሚያውቅ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። መሻሩ የተነገረው ሹም ተተኪው ርክክቡን እስኪፈጽም ድረስ በቢሮው ተቀምጦ ደብዳቤ ይፈርማል፤ ባለጉዳዩም ደብዳቤው የሚጸና መስሎት ተደስቶ ይሄዳል። የተሻረውም ትእዛዝ እንዲሁ ለጊዜው ይሠራል። ፕሮግራሙ ለዚህ ሦስት ዐይነት ጠባይ እንዲኖረው ሆኖ ተዘጋጅቷል፤ አሮጌ ትእዛዝ ሲጠራ በዝምታ ሊያልፈው፣ ወይም እያስጠነቀቀ ሊሠራው፣ ወይም ጨርሶ ሊያቆመው ይችላል። ሠራተኛው ምርጫውን በዝምታው ላይ የተወው እንደ ሆነ ለዓመታት ምንም ሳይሰማ ይሠራል፤ በመጨረሻ ኮምፒዩተሩ ሲታደስ፣ ያውም ካርታው በሚፈለግበት ሳምንት፣ ሥራው ሁሉ ይቆምበታል። ጥንቁቅ ሠራተኛ የሥራውን ግልባጭ ወስዶ በግልባጩ ላይ ፕሮግራሙ እንዲያቆም ያዘዋል፤ በቆመበት ስፍራ እያረመ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ዋናውን ግን እርማቱ እስኪያልቅ አይነካውም።

ከስም ለውጥ የሚከፋው የጠባይ ለውጥ ነው። በታዩት ማሳዎች ዙሪያ የአገሩን ዳርቻ የሚከብበው አሮጌ ትእዛዝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአዲሱ ጥቅል ውስጥ ሁለት ተተኪዎች አሉት። አንደኛው በስሙ መጨረሻ «ኢንላ» የሚል ቃል የጨመረ ሲሆን የአሮጌውን አሠራር ይጠብቃል፤ ያለ ጭማሪ ስሙ የሚጠራው ግን በሌላ ስልት ይከብባል። ሠራተኛው ስሙን ብቻ አይቶ ሁለተኛውን ቢያስገባ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰማም፤ የሚወጣው ወሰን ግን ከቀድሞው ጋር አንድ አይሆንም። ወሰኑ ሲለወጥ መረቡ ይለወጣል፤ መረቡ ሲለወጥ በዳርቻ ያለው ቀበሌ ግምት ይለወጣል። አዲሱ ስልት መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን አምና በአንዱ ዘንድሮ በሌላው የተሠሩ ሁለት ካርታዎች ሲነጻጸሩ፣ በዳርቻው የታየው ልዩነት የበሽታው ይሁን የወሰኑ ማንም ሊለየው አይችልም። ቀድሞ ተሠርተው በኮምፒዩተር የተቀመጡ መረቦችም አዲሶቹ ትእዛዞች እንዲያውቋቸው አስቀድሞ ወደ አዲሱ ዐይነት መለወጥ አለባቸው፤ ይህም ለብቻው የተሰጠ ትእዛዝ ስላለው ብዙ አያደክምም።

ከሁሉ ይልቅ ትኵረት የሚያሻው የነጥቦቹ ልክ ነው። በኢትዮጵያ ከሚገኙት ካርታዎችና የመሬት መዝገቦች ብዙዎቹ «አዲንዳን» በተባለው መነሻ የተለኩ ናቸው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ በኑብያ የነበረ የልኬት ጣቢያ ሲሆን፣ ስሙ ከእርሱ ተነሥቶ ለተዘረጋው የሦስት ማዕዘን ልኬት ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። እንግዲህ መሬትን በሦስት ማዕዘን መያዝ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲም በ19ኛው መቶ ዓመት ሰሜኑን አገር ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠረ እንዲሁ ለክቷል። በእጅ የሚያዘው የሳተላይት መለኪያ ግን ነጥብን የሚሰጠው ዓለም ሁሉ በሚጠቀምበት በሌላ መነሻ ነው። አንድ ማሳ በሁለቱ መነሻዎች ሲለካ ቍጥሩ አንድ አይሆንም። በሁሩታ አካባቢ በአዲንዳን የተጻፈ ነጥብ እንደ ሳተላይቱ ልክ ተቆጥሮ ቢነበብ፣ ማሳው 200 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ 100 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተንሸራቶ ይታያል።

ይህ ልዩነት ለሰፊ የዝናም ካርታ ከቍጥር የሚገባ አይደለም፤ ሦስት ማዕዘኖቹ ራሳቸው ከዚያ የሚሰፉ ናቸውና። ለማሳ ግን የተለየ ነው። ግማሽ ሄክታር የሆነ ማሳ አራት ጐኑ እኩል ቢሆን አንዱ ጐን 70 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በ220 ሜትር የተንሸራተተ ነጥብ ሦስት ማሳ አልፎ በማያውቀው ገበሬ ስንዴ ላይ ይወድቃል። የአንዱ ስንዴ በዋግ የተያዘ ተብሎ ሲጻፍ የታመመው የጎረቤቱ ስንዴ ደኅና ተብሎ ይታለፋል። በሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ የአንዱ ነጥብ ስፋት 10 ሜትር ሲሆን፣ የ220 ሜትር መንሸራተት ከሃያ ነጥብ በላይ ነው፤ ሁለቱን አጋጥሞ የሚሠራ ሒሳብ ከመጀመሪያው ይበላሻል።

ይህ ከተሻሩት ትእዛዞች ጋር ያለው ግንኙነት የሚከተለው ነው። አሮጌዎቹ ትእዛዞች የካርታውን መነሻ የሚቀበሉት በረጅም የፊደልና የቍጥር ሐረግ ተጽፎ ነበር። ከ2019 ወዲህ ከበታች ያለው የካርታ ሒሳብ ስለ ተለወጠ፣ በዚያ ዐይነት የተጻፈው መነሻ ሳይያዝ ሊቀር ይችላል፤ በሐረጉ ውስጥ የምድር ቅርፅ ስም ብቻ ተጽፎ መነሻው ያልተጻፈ እንደ ሆነ ደግሞ መንሸራተቱን የሚያርም ነገር ፈጽሞ አይኖርም። ፕሮግራሙ ሥራውን ይፈጽማል፣ ካርታውም ያምራል፤ ማሳው ግን ተንሸራቷል። ዛሬ ትክክለኛው አጻጻፍ በዓለም አቀፍ መዝገብ የተሰጠውን ቍጥር መጻፍ ነው። ሁሩታ ለሚገኝበት 37ኛው የሰሜን ክፍል አዲንዳን ቍጥሩ 20137 ሲሆን፣ የሳተላይቱ ልክ ቍጥር 32637 ነው። ሁለቱ ቍጥሮች በእያንዳንዱ የካርታ መዝገብ ራስጌ ላይ ተለይተው ቢጻፉ ከብዙ ክርክር ያድናሉ።

በሜትርና በኪሎ ሜትር መካከል ያለውንም ማምታታት ማስታወስ ይገባል። የሦስት ማዕዘኑ ጐን ከ2 አይበልጥ ተብሎ ሲታዘዝ፣ ነጥቦቹ በኪሎ ሜትር ከሆኑ ደኅና ነው፤ በሜትር ከሆኑ ግን ኮምፒዩተሩ በየሁለት ሜትሩ ችካል ሊተክል ይነሣና አይጨርሰውም።

ካርታ ለሚቀበለው ሹም ይህን ሁሉ ትእዛዝ ማወቅ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ካርታውን ላመጣለት ሠራተኛ ጥቂት ጥያቄ ማቅረብ ነው። ካርታው በየትኛው ዓመት ፕሮግራም እንደ ተሠራ፣ መረቡ በአሮጌው ወይስ በአዲሱ ጥቅል እንደ ተዘረጋ፣ ነጥቦቹ በ20137 ወይስ በ32637 እንደ ተጻፉ ይጠይቅ። ሠራተኛው አዲሱን ጥቅል ተቀብሎ ከሆነ፣ ባለፈው ዓመት የታዩትን እነዚያኑ ማሳዎች በአሮጌውም በአዲሱም አስልቶ ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን እንዲያቀርብ ማዘዝ ይገባል። የችካሎቹ ቍጥር፣ የአገሩ ወሰንና የጥቂት ታዋቂ ቦታዎች ግምት፣ ለምሳሌ የሁሩታ፣ የኢተያና የቁሉምሳ፣ ይነጻጸሩ። ከተስማሙ አሮጌው ይቀመጥ፤ ካልተስማሙ ምክንያቱ ሳይገኝ አዲሱ ካርታ ወደ ቀበሌ አይውረድ። ከቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያ ጋር መማከር የሚቻልበት ወረዳ ይህን ዕድል ቢጠቀምበት መልካም ነው፤ የስንዴ ነገር በዚያ ብዙ ተመርምሯልና።

ጊዜውም ሊታሰብበት ይገባል። በአርሲ የመኸር ስንዴ በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፤ ዋጉን የሚመለከቱት ባለሙያዎች በብዛት የሚወጡት በመስከረምና በጥቅምት ነው። በዚያን ጊዜ የትእዛዝ ስም ለመለወጥ የተቀመጠ ሠራተኛ መድኃኒቱ የሚረጭበትን ቀን ያሳልፋል። ስለዚህ የአሮጌው ትእዛዝ እርማትና የሁለቱ ካርታዎች ንጽጽር ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ አዝመራው ተሰብስቦ ቢሮው ጸጥ ባለበት ወራት ቢፈጸም ይሻላል፤ የተጠናቀቀውም ሥራ ከግልባጩ ጋር በወረዳው መዝገብ ቤት ይቀመጥ።